የእድሩን ድስት የሸጠው ልጅ ተመለሰ፤ ምን እናድርገው?

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር። ዋናውን ቆንጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ላንቺ ይሁን ልጄ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የሰፈራችን እድር ዳኛ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ወደ 180 አባወራ አለን። አንድ ወዳጄ ነበር፣ አባላችን። እሱ ሲሞት ልጁ ገና በ17 ዓመቱ አረቄ ቤት መዋል ጀመረ፣ ጫቱም ተከተለ። አሁን 31 ዓመቱ ነው። ብየዳ ይችላል፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ግን ያገኘውን ሁሉ እዚያው ያገባዋል። ከሦስት ዓመት በፊት የእድሩን መጋዘን ሰብሮ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት አወጣና ለቆራሌው ሸጠብን። ፖሊስ ጋ ሳንሄድ በሽምግልና ተውነው። ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያየንም። ዘንድሮ ዘመዶቹ አዲስ አበባ ወስደው ሆስፒታል አስተኙት፣ ቀጥሎ ጸበል ገባ። ይኸው አምስት ወሩ፣ ምንም አልቀመሰም። እናቱ ‹አደራ፣ እንዳትጥሉብኝ› ብለው እግሬ ላይ ወደቁ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንዱ በጠቅላላ ጉባኤ ወጥቶ ይመስክር፣ ለወጣቱ ትምህርት ይሆናል አለ። አንዱ በንስሐ አባቱ ፊት ይማል አለ። አንዱ አዋጥተን መቋቋሚያ እንስጠው አለ። አንዱ የመጋዘኑ የሌሊት ዘበኛ ይሁን አለ። ገንዘብ ያዣችን ግን ‹አመል ያወጣል ከመሐል! ስንቴ ነው የምንሞኘው?› ብለው ተነሥተው ሄዱ። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ምን ትመክሪናለሽ?»

ጋሼ፣ በቅድሚያ እጅ ነሥቻለሁ። ሁለት ድስት የሸጠበትን ልጅ እንዴት ላቁመው ብሎ እስክሪብቶ የሚያነሣ የእድር ዳኛ በየሰፈሩ አይገኝም። እናቱም እግርዎ ላይ የወደቁት ሰው አይተው ነው።

ሐኪም እንዳልሆንኩ ይወቁልኝ። የጠጪ እህት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ አረቄ ካቆመ ሰባት ዓመት አለፈው። ከዚያ በፊት ግን ሁለቴ አቁሞ ሁለቴ ተመልሶበታል። ስለዚህ የምነግርዎት ግማሹ ሐኪሞች ያስረዱን ነው፣ ግማሹ እጃችንን አቃጥሎን ያወቅነው።

ከመድረኩ ልጀምር፣ ምክንያቱም ደብዳቤዎን ሳነብ ክው ያልኩት እሱ ላይ ነው። እባካችሁ ተዉት። ሰውየው በክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ። ግን እስቲ ያስቡት። ያ ሁሉ አባል በተሰበሰበበት አንድ የአምስት ወር ሰው ማይክ ይዞ ቆሞ «እኔ እንዲህ ነበርኩ» ይላል። እልልታው ይቀልጣል። አንዷ ታለቅሳለች። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል፣ ማታውኑ የእድሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው፣ በነጋታው ደሴ ያለች አክስቱም አይታዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በያጅ መሆኑ ይቀርና «ያ አረቄ ያቆመው» ይሆናል። ሱቅ ሲገባ ትንፋሹ ይሸተታል። አንድ ቀን ዓይኑ ቀልቶ ቢታይ (የብየዳ እሳት ነው ያቀላው፣ ግን ማን ይጠይቃል) «ጀመረ!» ተብሎ ሰፈሩን ይዞራል። እውነት ቢሳሳት ደግሞ የሚደበቀው ካጨበጨቡለት ሰዎች ሁሉ ነው። የት ይገባል ያኔ?

አልኮሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን ስብስብ ሰምተው ይሆናል። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አክሮን በምትባል ከተማ ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው የጀመሩት ነው፣ አንዱ የአክሲዮን ደላላ፣ ሌላው የቀዶ ሕክምና ሐኪም። እዚያም ሰው ተነሥቶ ታሪኩን ይናገራል። ግን የሚናገረው እንደሱ ለጠጡ ሰዎች ነው፣ የአባቱን ስም አይናገርም፣ የተሰማውም ነገር ከበሩ እንዳይወጣ አደራ አለ። የእኛን ሰፈር ደግሞ ያውቁታል። አቦል ላይ የተወራ በረካ ሳይደርስ አገር ይሰማዋል።

መመስከር ከፈለገ አንድ ቀን ራሱ ይመጣል። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ ለሌላ ሰው ያወራው በአምስተኛው ዓመቱ ነው። ለአንድ ጎረምሳ ነበር፣ እሱንም በር ዘግቶ።

መሐላውንም አልወደድኩትም። ወንድሜ በአባታችን መቃብር ላይ ምሏል። ከልቡ ነበር፣ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ወር ከምናምን ቆየና አንድ ማታ ጠጣ። መጠጣቱ አይደለም ያጠፋው። «አባቴንም ከዳሁት፣ እንግዲህ ምን ቀረኝ» ብሎ አራት ወር ሙሉ ከቤት ጠፋ። አንድ መለኪያ ሆኖ ሊቀር የሚችለው ነገር አራት ወር ሆነ። ግዝት የፈረሰበት ሰው ከሰው ብቻ አይደለም የሚሸሸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ደጅ ይሸሻል።

ማገርሸት ደግሞ ያለ ነገር ነው፣ ልባችሁ ይወቀው። የአሜሪካው ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ተቋም ከሱስ ከታከመ 100 ሰው ከ40 እስከ 60 የሚሆነው አንድ ጊዜ ያገረሽበታል ይላል፣ ከደም ግፊትና ከአስም ጋርም ያመሳስለዋል። ግፊቱ የተነሣበትን አባል «ከሃዲ» አንለውም። ጨው አበዛህ ብለን ተቆጥተን ሐኪም ቤት እንወስደዋለን። ስለዚህ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ መነጋገር ያለበት ቢጠጣ ማን ጋ ይመጣል በሚለው ላይ ነው። ማታ በአራት ሰዓት የሆነ ቦታ ተኝቶ ቢገኝ ማነው ሳይጮህበት የሚያነሣው? ጠዋት ማነው በሩን አንኳኩቶ «ትናንት አለፈ፣ ተነሥ ፊትህን ታጠብ» የሚለው?

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር ልናገር። ተመልሶበት ለቀናት ከጠጣ ቤት ቆልፋችሁበት «ይለቀው» እንዳትሉ። ብዙ ሲጠጣ የሰነበተ ሰው በአንዴ ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት ይመጣል። ይገድላል ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም። በየቤቱ «ያዘው» ተብሎ በገመድ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ያኔ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ከተማችሁ ሆስፒታል አላት፣ ከአባላቱም መኪና ያለው አይጠፋም። የአንዱን ስልክ ከአሁኑ ይያዙ።

ጸበል መግባቱ ደስ ብሎኛል። ሆስፒታል የሰጡት ክኒን ካለ ግን እየዋጠ መሆኑን በዘዴ ይጠይቁልኝ። ጸበል ገባሁ ብሎ መድኃኒት የሚጥል ብዙ ነው። እንጦጦ ላይ በኤች አይ ቪ ጊዜ ይኸው ነገር ስንቱን በላ። በ1999 ዓ.ም. ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አይጣሉም ብለው በግልጽ ተናገሩ። የንስሐ አባቱን የምትፈልጓቸው ለዚህ ነው። እሳቸው «ክኒንህን ውሰድ ልጄ» ቢሉት ከእኔም ከእርስዎም ቃል ይበልጥበታል።

የሌሊት ዘበኝነቱን ያሰቡት ሰውዬ ልባቸው ጥሩ ነው፣ ግን የት እንደሚኖሩ ረስተውታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውጭ የሚያድር ዘበኛ ምን ይዞ ነው የሚያድረው? እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት፣ ብርዱን እንዲችል አረቄ። በነገራችን ላይ አረቄ አያሞቅም። ቆዳ ላይ ያለውን የደም ሥር ይከፍትና ሙቀቱን ያስወጣዋል፣ ሞቀኝ ያለው ሰው ነው ቶሎ የሚቀዘቅዘው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ሳትጠጪ ታውቂያለሽ» አለኝና ሳቅን። ጫቱ ደግሞ አንዴ ከገባ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚሉት መጠጥ ይመጣል፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ። በዚያ ላይ ብቻውን ነው የሚያድረው። በዚያ ላይ ራሱ በሰበረው መጋዘን ደጃፍ! እምነት የጣላችሁበት ይመስላችኋል፣ ግን ማንኪያ በጠፋ ቁጥር ሰው ዞሮ የሚያየው እሱን ነው።

የቀን ሥራ ይፈለግለት፣ ሰው ባለበት። ብየዳ ይችላል ብለዋል አይደል? የእድሩ ድንኳን ብረት ስንቱ ተጣሟል? የወንበሮቹ እግርስ? ዋጋ ይናገር፣ ተነጋገሩ፣ ይሥራ፣ ይከፈለው። በነጻ አታሠሩት። በርኅራኄም አትጨምሩለት።

ጥሬ ገንዘብ አዋጥቶ መስጠቱን ለጊዜው ተዉት። በአንዴ ኪሱ የገባ ብር ለአምስት ወር ሰው ከባድ ሸክም ነው። ሐራራ የሚነሣው ሰው ሲከፋው ብቻ አይደለም፣ ሲደሰትና ኪሱ ሲሞላም ነው። ወንድሜ መጀመሪያ አካባቢ ደመወዙን ለእኔ ያስቀምጥ ነበር፣ ራሱ ለምኖኝ። የትራንስፖርት እያልኩ በየቀኑ ስሰጠው የሁለት ልጆች አባት ነው እንግዲህ፣ አንገቱን ይደፋ ነበር። ግን ሠራ። ለእናንተ ልጅ የመበየጃ ማሽን ኪራይ ካስፈለገ ለባለማሽኑ ክፈሉ። ኤሌክትሮድ ግዙለት። ለምን እንደዚያ እንዳደረጋችሁም ፊት ለፊት ንገሩት። አይከፋውም፣ ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ድስቱ። ገንዘብ ያዡን አልፈርድባቸውም። ንብረቱ የሕዝብ ነው፣ ሲጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እንዲያውም ከሁሉም የወደድኩት የእሳቸውን ቁጣ ነው፣ ምክንያቱም ልጁን እንደ ባለዕዳ ነው ያዩት። ባለዕዳ ደግሞ ሰው ነው። እናንተ «ተውነው» ያላችሁት ነገር አልተዘጋም፣ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ቀና ብሎ ያላያችሁ። ዋጋውን ገምቱና ይክፈል። በወር በወር፣ እንደ አቅሙ፣ ትንሽ ትንሽ። ደረሰኙን ገንዘብ ያዡ በእጃቸው ይቁረጡለት። መጀመሪያ ላይ ሳይነጋገሩ ይቀባበላሉ። ሦስተኛው አራተኛው ወር ላይ «እናትህ እንዴት ናቸው» ይመጣል።

እና አስመዝግቡት። አሁን አባል የሆኑት እናቱ ናቸው። 31 ዓመት የሞላው ሰው በእናቱ ስም ነው እንዴ የሚቀበረው? በራሱ ስም ይግባ። መመዝገቢያውን ይክፈል፣ ወርሃዊውን ይክፈል፣ ጥሩምባ ሲነፋ ይውጣ፣ ቀብር ከቀረም ይቀጣ።

ይቺን ቅጣት እንዳይንቋት። ወንድሜ ባቆመ በዓመቱ ገደማ አንድ ማታ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ፣ ፊቱ በርቷል። ምን ተገኘ ስል እድራቸው ቀብር ቀርተሃል ብሎ 50 ብር ቀጥቶታል። «ቀጡኝ እኮ!» ይለኛል። ወረቀቱን አሁንም ቦርሳው ውስጥ ይዞታል፣ ቀለሙ ለቋል። ሲጠጣ በነበረባቸው ዓመታት ማንም ቀጥቶት አያውቅም። መጣም ቀረም የሚቆጥረው ሰው አልነበረማ።

«የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው» የሚል አባል እንደሚነሣ ይገባኛል። እስካሁን ያልኩት አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ግን ከተባለ ያስታውሷቸው፦ ኤች አይ ቪ በየቤቱ ገብቶ በነበረበት ጊዜ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ሰው አስታመዋል፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች አሳድገዋል። መጀመሪያ ላይ ያኔም «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ተብሎ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ኮሚቴውን ሊያስከፋ ይችላል። ይቅርታ አስቀድሜ። እድራችሁ ራሱ ይጠጣል።

ለቅሶ ቤት ማታ ማታ ካርታ ይዘው የሚያመሹት ሰዎች መሐል ምን አለ? ጠርሙሱ። ጉባኤው ሲያልቅ ምን ይቀርባል? ጠላ። ልጁን አባል አድርጋችሁ ድንኳን ትከል፣ ሠልስት ድረስ አምሽ ስትሉት ወዴት እየላካችሁት እንደሆነ እዩት።

ወንድሜ በስምንተኛ ወሩ የአጎታችን ተዝካር ደረሰ። ዳስ ውስጥ ነን፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ አጠገቤ ተቀምጧል። አክስታችን በጆግ ጠላ ይዛ መጣችና ቀዳችለት። «አልጠጣም» አለ ቀስ ብሎ። «በሞቴ! የአጎትህ ተዝካር ነው፣ ለነፍሱ አንዴ ፉት በል!» ሰው ዞሮ ማየት ጀመረ። ተቀበላት። ጣሳውን በሁለት እጁ እንደያዘ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። አላስቀመጠውም፣ አልጠጣውም። አረፋው ሟሙቶ አለቀ። አንገቱ ላይ ላብ ይታየኛል፣ እኔም የምሆነው ጠፍቶኝ ስለ ወጡ አወራለሁ። ኋላ ሰው ለጸሎት ብድግ ሲል ጎንበስ አለና አግዳሚው ሥር ቄጠማው ላይ ደፋው። ወጥቶ ሄደ። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። በሞቴ ማለት አክብሮቷ ነው። ያን ቀን ግን በአክብሮቷ ወንድሜን ልትገድልብኝ ነበር።

ስለዚህ እድሩ አንድ ነገር ብቻ የሚወስን ከሆነ ይቺን ይወስን፦ መጠጥ ላይ በሞቴ የለም፣ አፈር ስሆን የለም። በማንም ላይ። የልጁ ስም መነሣት የለበትም፣ ስኳር ያለበት አለ፣ መድኃኒት የሚወስድ አለ፣ ሹፌር አለ፣ በሃይማኖቱ የማይጠጣ አለ። ከጠላው ጎን ያልፈላ ብርዝ ይቅረብ፣ እሱም ባይሆን ሻይ። በተለይ ደግሞ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ይቀዳ። እጁ ላይ ብርጭቆ የያዘ ሰው አይለመንም፣ ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነው። ማን እንደሚጀምረው ካሉኝ እርስዎ ይጀምሩት። ዳኛው ብርዝ ከያዘ ሌላው ብርዝ ለመያዝ አያፍርም።

አረቄ የሚሸጡትን ሴቶች በተመለከተ ጠብ ውስጥ እንዳትገቡ። እነሱም አባሎቻችሁ ናቸው፣ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያው ነው። ግን የዱቤ ደብተር አላቸው አይደል? ልጁ እሺ ካለዎት፣ እሺ ካለ ብቻ፣ ሁለት ሦስቱ ቤት ራስዎ ጎራ ብለው «አደራሽን፣ ለዚህ ልጅ እንዳትቀጂብኝ፣ በዱቤም በእጁም» ይበሏቸው። የሽማግሌ ቃል ነው፣ አይጥሉትም። የድሮ ዕዳ ካለበት ደግሞ ሊከፍል ብሎ እዚያ ቤት እንዳይገባ ሌላ ሰው ያድርስለት። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ጣል አድርጉላቸው፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ይሄ ልጅ በ17 ዓመቱ ሲገባ ያስገባው በር ለሚቀጥለው ልጅ እንዳይከፈት።

ኮሚቴው ተሰብስቦ እንዳይጠብቀው ደግሞ አደራ። አምስት ሰው የሚከታተለው ሰው እስረኛ ነው። አንድ ሰው ምረጡ። ወሬ የማይወድ፣ ቢቻል ራሱ የማይጠጣ፣ ልጁም የሚቀበለው። ሥራው ስብከት አይደለም። ከባድ ቀኖችን ማወቅ ነው። ገንዘብ የሚቀበልበት ቀን አንዱ ነው። ቅዳሜ ማታ አንዱ ነው። የአባቱ ሙት ዓመት አለ። ከሁሉም ግን ፋሲካን ፍሩልኝ። ሁዳዴን 55 ቀን ሰውም ስለማይጠጣ እሱም ይቀለዋል፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት አገሩ ሁሉ ብርጭቆ ያነሣል። ወንድሜ ለሁለተኛ ጊዜ ያገረሸበት በፋሲካ ማግስት ነው። በዚያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ «ና ቤቴ እንዋል» የሚለው አንድ ሰው ቢኖረው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። እኔ ራሴ ያን ቀን እንግዳ ነበረብኝ።

እናቱንም አትርሷቸው። አሥራ አራት ዓመት ብር መቀነታቸው ላይ ቋጥረው የተኙ ሴት ናቸው። አሁን ትንፋሹን እያሸተቱ፣ ኪሱን እየፈተሹ እንደሆነ ሳልጠይቅ አውቃለሁ፣ የእኛም እናት እንዲያ ነበረች። ከሴቶቹ አንዷ ቡና እየጠራች ስለ ሌላ ነገር ታጫውታቸው። ስለ ሽንኩርት ዋጋም ቢሆን።

አንድ የቀረኝ አለ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። እናቱ ያሉት አለ፣ ኮሚቴው ያለው አለ፣ ገንዘብ ያዡ ያሉት አለ። ልጁ ያለው ግን አንድ ቃል የለም። ማንም አልጠየቀውም መሰለኝ። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ እሱ ከፈለገው ነው የሚሆነው፣ ምናልባትም የሚፈልገው ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቻዎን ይሂዱ። ኮሚቴውን አያስከትሉ፣ ምክርም ይዘው አይሂዱ። ከመጋዘኑ እግሩ የተሰበረ አንድ ወንበር ይዘው ይግቡ። «ይቺን ስንት ትበይድልኛለህ?» ብለው ይጀምሩ። ዋጋ ሲጠራብዎትም እንደማንኛውም በያጅ ይከራከሩት።